ከጎን የተቀረጹት

ኮምፒውተሩ አሁንም ጥቁር ገጽ አሳይቶ ዝም አለ። ከገጹ ላይኛ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። ኢንጂነሩ አገጩን በሁለት መዳፉ ደግፎ አፈጠጠባት። እሷም አፈጠጠችበት።

«ምን ይላል?» አሉ እናቱ በበሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው። የታጠበ ልብስ በክንዳቸው ታቅፈዋል።

«ምንም አይልም።»

«ምንም ካላለማ ጥሩ ነው።»

«እማዬ፣ ምንም ካላለ መጥፎ ነው!»

«እኔ ምን አውቄ። አባትህ ምንም ካላሉ ለእኔ ጥሩ ቀን ነው።» ልብሳቸውን አቅፈው ሄዱ።

«ኢንጂነሩ» የቤት ስሙ ነው። ባሕር ማዶ ሄዶ ያጠናው ውሃ በቧንቧ ውስጥ ስለሚሄድበት ግፊት ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ግን ግፊቱን አስላልኝ ያለው መሥሪያ ቤት የለም። ማመልከቻውን በየቦታው በትኖ መልስ ይጠብቃል። መልሱ እስኪመጣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የማይገጥም መስኮት፣ የጎረቤት ስልክ፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይላካል። ሲጠግነው «ተምሮ የለ!» ይባላል። ሳይጠግነው ሲቀርም «ተምሮ የለ?» ይባላል። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው። እሱም ያንኑ ጥያቄ ለራሱ ያነሳል፤ የእሱ ድምፅ ከሁለቱም የከፋ ነው።

ይህን ሥራ ግን ማንም አልላከበትም። ራሱ ጎትቶ ያመጣው ጣጣ ነው። ታላቅ እህቱ፣ እሱ «እታለም» የሚላት፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከሥራ በሚተርፋት ጊዜ ሁሉ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በቪዲዮ ስትሠራ ቆይታለች። እያንዳንዱ ቃል ሦስት ጊዜ ይቀረጻል፦ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ቀስ ተብሎ። ምልክቱን የሚያሳየው በትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም፤ እጁ ግን እንደ ጥሩ ጽሕፈት ይነበባል። በቅርቡ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች አዳዲስ መምህራን ለሥልጠና ሊመጡ ነው፤ የሚማሩትም በእነዚህ ቪዲዮዎች ነው።

የእታለም ላፕቶፕ ሞልቷል። ከውጭ የምትሰካው ዲስክ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ጥርስ የሚፋጭ ዓይነት ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። «ይሄ ዲስክ አንድ ቀን ጉድ ይሠራኛል» ስትል ሰማና፣ «እኔ እያለሁልሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ ማፈግፈግ አልሆነለትም። አንድ መሥሪያ ቤት ካስወገደው ዕቃ መካከል አሮጌ ኮምፒውተር አገኘ፤ ሁለት አዳዲስ ሃርድ ዲስክ ገዛ፤ ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በመወልወያውና ባልተፈታው ሻንጣው መካከል ጠረጴዛ ዘረጋ። ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ይጭንበትና የቤት ሰርቨር ያደርገዋል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፋይሉን እዚያ ያስቀምጣል። ይኸው ነው። በኢንተርኔት ያየው ሰውዬ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነበር የጨረሰው።

ስለ ጥቁሩ ገጽ ያልጠየቀበት የኢንተርኔት መድረክ አልቀረም። አንዱ «ይህን ጻፍ» ይላል። ሌላው ከሥሩ «ያንን የጻፈ ኮምፒውተሩን ይቅበር» ይላል። ሦስተኛው «ችግሬ ተፈታ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ እንዴት እንደተፈታ ሳይናገር ጠፍቷል። ኢንጂነሩ ከሁሉም በላይ የጠላው ይህን ሦስተኛውን ሰው ነው። በመጨረሻ ነገሩ የስክሪን ካርዱ ጣጣ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዲት ቃል ብቻ መጨመር ነበረበት። ጨመራት። ኮምፒውተሩ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ተንጠራርቶ ተነሳ። ደስታው ግን ሻይ ለመቅዳት እንኳን አልበቃም፤ የቤቱ ራውተር ለሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ዛሬ ያገኙት ነገ ቤት ቀይሯል። ያንንም በአንድ አድራሻ ካሰረው በኋላ ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስቦ አስረዳ።

«ሁለቱ ዲስኮች እንደ መስታወት ናቸው» አለ። «እዚህ የተጻፈ እዚያም ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ።»

«እንደ ባልና ሚስት በለኝ» አሉ እናቱ።

«እ… እንደዚያ በይው።»

«ባልና ሚስትማ አንዱ ሲሞት ሌላው ብዙም አይቆይ።»

«እማዬ፣ እንደ ባልና ሚስት አይደለም።»

ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም፣ የራሱ ፓስወርድ፣ የራሱ ፎልደር አበጀ። በተማረበት አገር ይህ ጨዋነት ነበር፤ አብሮ የሚኖር ሰው እንኳን በር ሳያንኳኳ አይገባም። በዚህ ቤት ግን የውስጥ በር አይቆለፍም። እሱ ራሱ በሕፃንነቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሱን ቆልፎ በሩ በመጥረቢያ ከተገነጠለ ወዲህ እናቱ ቁልፎቹን ሁሉ ለቅመው አስቀምጠዋል። በር የሚዘጋ ወይ የታመመ ወይ ያኮረፈ ነው፤ በሁለቱም ቢሆን ገብቶ ማየት ያስፈልጋል የሚል ሕግ አላቸው።

አባቱ በእታለም አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨሩን ከፍተው የሴት ልጃቸውን ፎልደር ሲጫኑ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ፍቃድ… የለዎትም።» መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉትና ደግመው አነበቡ። «ማነው እንዲህ የሚለኝ?»

«ማንም አይደለም አባዬ፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን እዚህ ቤት ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ ያልከኝ።»

«አይደለም እኮ! የእታለም ፎልደር የእታለም ነው። የእርስዎ ደግሞ የእርስዎ። ማንም የእርስዎን አይነካም ማለት ነው።»

«የእኔን ማን ነካብኝ? ከሰስኩ?»

እናቱ ከማድ ቤት ብቅ አሉ። «ከአባታችሁ የምትደብቁት ምን አላችሁ?»

«ምንም!» አለ ኢንጂነሩ፤ ድምፁ ሳያስበው ወጣ።

«ምንም ከሌለ ለምን ተዘጋ?»

ለዚህ መልስ ነበረው፤ ግን በሌላ አገር የሚሠራ መልስ ነበር። እታለምን አየ። እታለም የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «ክፈትላቸው በቃ፣ እኔ ምን አለኝ?» አለች።

ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ብቻ ናት፤ ሁሉም ሰው ሁሉን እንዲያይ፣ እንዲጽፍ፣ እንዲያጠፋ የምትፈቅድ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ትንሽ ዘገየ። በኔትወርክ የጠፋ ፋይል ተመልሶ ሊነሳ ከሚችልበት ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ ቅርጫት እንዲኖረው ለብቻው መሠራት አለበት፤ እንዴት እንደሚሠራም አንብቧል። ግን ትከሻው ደንዝዟል፣ ከሳሎን «ፍቃድ የለዎትም! በገዛ ቤቴ!» የሚል ይሰማል። ቅርጫቱን ነገ እሠራዋለሁ ብሎ ትእዛዙን ሰደደው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውን ሲሰማ ነው ያደገው። በማግስቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ተጠራ፤ ቅርጫቱ ተረሳ።

እታለም ቪዲዮዎቿን ሁሉ ገለበጠች፤ የሞላውን ላፕቶፗን አራገፈች፣ ጥርስ የሚያፋጨው ዲስክም በዚያው ሞተ። ከዚያ የካሜራዋን ካርዶች በመዳፏ ይዛ መጣች።

«እነዚህን ላጥፋቸው? ለቀሩት ቃላት ባዶ ካርድ የለኝም።»

«አጥፊያቸው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እታለም፣ ሁለት ዲስክ ላይ ነው ያለው። ሁለት! ቤቱ ካልተቃጠለ በቀር ምን ይሆናል?»

«ምነው፣ ከአፍህ ደግ አይወጣም አንተ?» ብላ ሳቀችና ካርዶቹን አጠፋች።

ጥቂት ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንደ ሕልም ሄደ። ስልኮቹ ሁሉ ፎቶ ይጭናሉ፤ እናቱ ስብከት፣ የሹራብ አሠራር፣ የዘመድ ሠርግ፣ ያገኙትን ሁሉ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ኢንጂነሩ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከፈተናው መልስ አልመጣም፤ ይህ ግን አልነበረም ከአፉ የወጣው።

«ቦታ እየጠበበ ነው። ሰው ሁሉ ያገኘውን ይጥልበታል። እማዬ አንዱን ፎቶ አምስት ጊዜ ልካለች!»

«አንዴ አልሄድ እያለኝ እኮ ነው አምስት ጊዜ የላክሁት።»

«ሁሉም ሄዷል እማዬ።»

አባቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ቦታ ጠበበ?» አሉ።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልተሰማ ድምፅ ነበር። አባትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው። ጎማ ይሁን ብሎን፣ ሲሚንቶ ይሁን የመብራት ገመድ፣ በእሳቸው ግምጃ ቤት አንድ ዕቃ አንድ ስም፣ አንድ ስምም አንድ መደርደሪያ ነበረው። ሁለት ቦታ የተቀመጠ ዕቃ ወይ የተረሳ ነው ወይ ሊሰረቅ የተዘጋጀ፤ እንዲህ ነበር የሚሉት። መሥሪያ ቤቱን ከለቀቁ በኋላ የማድ ቤቱን መደርደሪያ ሊያስተካክሉ ሞክረው ከእናትየው ጋር ለሰነባበተ ኩርፊያ ተዳርገዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትየው ከቁርስ በኋላ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጡ ጀመር። ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ እስክሪብቶ ኪሳቸው ላይ ሰክተው። ያንጎራጉራሉ። እናቱ ማድ ቤት ውስጥ ለኢንጂነሩ ሹክ አሉት፦ «አባትህ ሥራ አገኙ። አንተስ?»

እሱም በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነፃው ቦታ ከቀን ወደ ቀን ሲሰፋ አየ። የእናቱ ፎቶዎች ናቸው ብሎ ደስ አለው። እንዲያውም በሳሎን ሲያልፍ፣ «አባዬ፣ እጅዎ ይባረክ» አላቸው። አባቱ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ በእጃቸው ሸኙት፤ ሥራ የበዛበት ሰው ባለጉዳይ እንደሚሸኝ።

ሥልጠናው ሰኞ ሊሆን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እታለም ቪዲዮዎቹን በየትምህርቱ ልታደራጅ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ኢንጂነሩ ከራውተሩ ሥር ተንበርክኮ ኬብል ያስር ነበር። ጣቷ ማውሱን ሲጫን ይሰማዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ ከዚያ በጣም ፈጠን ብሎ።

«አንተ» አለችው። «ከጎን የተቀረጹት የት ሄዱ?»

«ምን የት ሄዱ?»

«ከጎን የተቀረጹት! ቀስ ተብለው የተቀረጹትም። ‹ሐኪም› አንድ ብቻ ነው ያለው። ‹መንገድ› አንድ። ‹ቤት› አንድ።»

አባቱ ከጓዳ ወጡ፤ የሻይ ብርጭቆ በእጃቸው፣ ፈገግታ በፊታቸው። «አየሽው? አስተካከልኩልሽ።»

ሁለቱም ዞረው አዩዋቸው።

«ምኑን ነው ያስተካከሉት አባዬ?» አለች እታለም።

«የተደራረበውን ነዋ። ውሃ አንድ፣ ውሃ ሁለት፣ ውሃ ሦስት። ከፍቼ አየሁ። ልብ በይ፣ ሳላይ አንዱንም አልነካሁም። ያው ሰውዬ፣ ያው ሸሚዝ፣ ያው ውሃ! ሦስት ውሃ ምን ያደርጋል? ፊት ለፊት በደንብ የሚታየውን አስቀረሁና ሌላውን አስወገድኩ። ትርፍ አንድ የለሽም አሁን።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ከ‹ሀ› ጀምሬ ‹ዘ› ላይ ደርሻለሁ። የቀረውን እስከ ቅዳሜ እጨርስልሻለሁ።»

እታለም አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ኢንጂነሩ ተነስቶ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሮጠና፣ ምንም ነገር አዲስ እንዳይጻፍበት ሰርቨሩን በቀጥታ ከሶኬት ነቀለው። ሲመለስ እህቱ በቆመችበት እየጠበቀችው ነበር።

«ሁለት ዲስክ ላይ ነው አላልክም?»

«ነው።»

«ታዲያ ከሁለተኛው አምጣው።»

«ከሁለተኛውም ጠፍቷል።»

«እንዴት? አባዬ ሁለት ጊዜ አላጠፉ!»

«መስታወት ነው እኮ እታለም። እዚህ ሲጻፍ እዚያ ይጻፋል፤ እዚህ ሲጠፋ እዚያም… ዲስኩ ቢሞት ነው የሚያድነው እንጂ ሰው ቢያጠፋ…»

«ታዲያ ሁለተኛው ምን ያደርጋል?»

ወደ ዕቃ ክፍሉ በር ዞር ብሎ አየ።

«ካርዶቼን አጥፊያቸው ያልከኝ አንተ ነህ» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው እንኳን ዝቅ ያለ ነበር። ሻርፏን ከወንበሩ ላይ አንስታ ወጣች። አባትየው ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

አርብ ከጠዋት ጀምሮ ኢንጂነሩ አንዱን ዲስክ ነቅሎ ከላፕቶፑ ጋር አያይዞ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳ። ፕሮግራሙ ይቆፍራል፣ እሱ ይመለከታል። የተገኘው ሁሉ ስሙን ጥሎ ነው የመጣው፤ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ከፈተው፦ ልብስ ሰፊው ከጎን ይታያል፣ እጁን ያነሳል፣ ወዲያው ሥዕሉ ተሰባብሮ አረንጓዴ ይሆናል። ሌላ ከፈተ፦ ይህ ደህና ነው፤ ግን ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ሦስተኛው ሲከፈት መሐሉ ላይ የእናቱ የሹራብ አሠራር ገብቶበታል፤ ቦታ ተለቀቀ ተብሎ በላዩ ላይ የተጻፈ ነው። ለካ በየቀኑ ስልኮቹ ሁሉ ፎቶ ሲጭኑ፣ እሱም ነፃው ቦታ ሰፋ ብሎ ደስ ሲለው፣ የእህቱ ሥራ እየተቀበረ ነበር። ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። መወልወያው ወደቀ።

አባቱ በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላያቸውም።

«ተገኘ?»

«ግማሹ ተሰባብሯል።»

«ሦስቱ የተለያዩ መሆናቸውን ማን ነገረኝ?»

«ለምን አይጠይቁም ነበር?» አለ፤ ለአባቱ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። «አንድ ቃል! ‹ልጄ፣ ይሄ ይጥፋ ወይ?› ማለት ምን ያስቸግራል? የሰው ሥራ እኮ ነው!»

«አንተስ? አንድ ጊዜ ከልክለኸኝ አልነበረም? ተቆጣሁ፣ ከፈትክልኝ። የግምጃ ቤት ኃላፊ ተቆጡኝ ብሎ በር ከከፈተ የሚጠየቀው የተቆጣው አይደለም።»

«ይሄማ ግፍ ነው! ‹በገዛ ቤቴ› እያሉ ጣሪያ ሲነኩ…»

«አዎ፣ ጮኽኩ። እና?»

ከሁሉ የሚያበግነው ሰውዬው ግማሽ ያህል ትክክል መሆናቸው ነበር። ሌላውን ግማሽ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው ሲያስብ አባቱ ጎንበስ ብለው መወልወያውን አነሱና፣ የነበረበት ቦታ ሳይሆን በሩ ጀርባ አቆሙት፤ እዚያ ይሻል ነበር በእርግጥ። «ሦስቱ ምን ነበር ልዩነታቸው?» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ። ኢንጂነሩም በትክክል አያውቀውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እታለም የተገኘውን አየች። ደህና የሆኑትን ለብቻ እየለየች ስማቸውን ጻፈች። በመጨረሻ ላፕቶፑን ከደነችው።

«ልብስ ሰፊውን እለምነዋለሁ። ነገ እንቀርጻለን፣ እሑድም እንቀርጻለን፣ የደረስንበት እንደርሳለን» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ የጎኑን ካሜራ ትይዛለህ። አባዬ መብራቱን ይይዛሉ። ማንም ምንም አያስተካክል።»

ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ መጣ። መለኪያው አንገቱ ላይ፣ ሁለት መርፌ የኮቱ ኮሌታ ላይ እንደተሰኩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ግራጫ አንሶላ ተሰቅሏል። ሰውዬው አንሶላውን አየ፣ አባትየውን አየ፣ ኢንጂነሩን ከእግር እስከ ራሱ አየና እጁን ለእታለም አፈራረቀ።

«ምን አለ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ባሕር ማዶ የተማረው ይሄ ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን አልተረጉምልህም።»

ሥራው ተጀመረ፤ ሲጀመርም ማነከስ ጀመረ። የአባትየው ክንድ ሲዝል መብራቱ ይወርዳል፣ ጥላው በአንሶላው ላይ ይሄዳል፣ እንደገና ይባላል። ደጅ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ልብስ ሰፊው ብቻ አይደነግጥም፤ ሌሎቹ ሁሉ ይደነግጡና ካሜራው ይነቃነቃል፣ እንደገና ይባላል። እናትየው ሻይ ይዘው በካሜራው ፊት ያልፋሉ፣ እንደገና። ኢንጂነሩ ካርድ በሞላ ቁጥር ላፕቶፕ ላይም ሌላ ዲስክ ላይም ገልብጦ፣ ካርዱን ሳያጠፋ ለእህቱ በእጇ ይሰጣታል። አመሰግናለሁ የሚል አላገኘም፤ አልጠበቀምም። ባሰላው ቁጥር እስከ እሑድ ማታ «ዘ» ድረስ እንደማይደርሱ ያውቃል። ምናልባት «ተ»። ከበረቱ «ነ»።

ወደ ማምሻው ልብስ ሰፊው ቁጭ ብሎ ጣቶቹን ሲያፍታታ አባትየው መብራቱን አስቀምጠው ፊቱ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ለማይሰማ ሰው ጉሮሮ መጥረግ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። ከዚያ እጃቸውን ጨብጠው በደረታቸው ፊት አንዴ አዞሩት። ከፋይሎቹ አንዱን ሲለዩ ያዩት ምልክት ነው፤ «አዝናለሁ» የሚለው። ከፊት የተቀረጸውን አስቀርተው ሌሎቹን ሁለቱን አጥፍተውታል።

ልብስ ሰፊው ግንባሩን ቋጠረ። ተነሳና የአባትየውን አንጓ ያዘ፤ የልብስ ልክ እንደሚያስተካክል ሰው ወደ ራሳቸው ገፋው፤ ጡጫቸው ደረታቸውን እስኪነካ ድረስ። እዚያው ላይ አንዴ አዞረላቸው። ለቀቃቸው።

«ከፊት ሲያዩት የነካ ይመስላል አባዬ» አለች እታለም። «መንካት አለመንካቱ ከጎን ነው የሚታወቀው።»

አባትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። እንደገና አዞሩት፤ አሁን ነካ። ልብስ ሰፊው አንዴ ራሱን ነቀነቀ፤ ፈገግ ግን አላለም።

እታለም በድንገት ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቷ ላይ ከሐሙስ ወዲህ ያላየው ነገር ነበር። «ቀረጽከው?»

«የቱን?»

«ሲያርማቸው! ሰኞ ለመምህራኑ መጀመሪያ የማሳያቸው ይሄን ነበር። ለምን ከጎን እንደምንቀርጽ ከዚህ በላይ ምን ይነግራቸዋል?»

ኢንጂነሩ ካሜራውን አየ። ቀዩ መብራት አልበራም። እጁን አንጠልጥሎ እንደ ተመልካች ሲያይ ነበር የቆየው። «አልጫንኩትም» አለ፤ መሬት ብትውጠው በወደደ።

እታለም ዓይኗን ጨፍና ትንፋሽዋን አወጣች። ከዚያ ለልብስ ሰፊው በእጅዋ አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም ጣሪያውን እያየ ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«አባዬ፣ እንደገና።»

«እንደገና ምን?»

«እንደገና ይሳሳቱልኝ። ከደረትዎ ራቅ አድርገው።»

አባትየው ሸሚዛቸውን አስተካከሉ። ኢንጂነሩ ቁልፉን ተጫነ፣ ቀዩ መብራት እንደበራ ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። አባትየው እጃቸውን አነሱ፤ ጡጫቸው ቀጥታ ሄዶ ደረታቸው ላይ አረፈ።

«አይደለም አባዬ፣ ሳይነካ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።» እንደገና አነሱ። እንደገና ነካ። ልብስ ሰፊው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ቆይ እስቲ» አሉ አባትየው ተናደው፣ ጡጫቸውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ እያዩት፤ «ቅድም እኮ ያለ ችግር ነበር የተሳሳትኩት።»

«አታቁም» አለች እታለም ለወንድሟ። «ቅረጽ።»